የሚቀበረው ድንጋይ

«ወደ ግራ! ወደ ግራ በል እንጂ!» እያለ የሚጮኸው ባለ ጀልባው አልነበረም፤ ተሳፋሪው ነበር። የጳጳሱ እንደራሴ በዕድሜያቸው መቅዘፊያ ጨብጠው ባያውቁም ማዘዝ ግን ለምደዋል። በአንድ እጃቸው ጥቁር ባርኔጣቸውን፣ በሌላው የጀልባዋን ጠርዝ ጨምድደው፣ የቆዳ ሻንጣቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አጣብቀው ተቀምጠዋል። ወንዙ ከላይ አገር ሲዘንብ ሰንብቶ ጭቃ አዝሎ፣ የተነቀለ ቁጥቋጦ እያንከባለለ ይወርዳል።

«ግራ ያሉት ዓለት ነው፣ አባታችን» አለ ባለ ጀልባው። «ቢፈልጉ ግን እንሞክረው።»

እንደራሴው አልፈለጉም።

ባለ ጀልባውን በከተማው በስሙ የሚጠራው የለም። ማዶ ይሉታል። አባቱ ከወንዙ ማዶ መጥቶ የሰፈረ ሰው ስለነበር ስሙ እንደ ርስት ወደ ልጁ ወረደ። እሱ በከተማው ተወልዶ፣ በከተማው ተጠምቆ፣ የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ አግብቶ፣ ልጆቹንም እዚያው ክርስትና አስነስቶ፣ አሁንም ማዶ ነው። ያቺ ከተማ ስም ማውጣት እንጂ ማንሳት አታውቅም።

ዛሬ የሚቀዝፈው እያዘገመ ነበር፤ እንደራሴው ግን ይህን ልብ የሚሉ ሰው አልነበሩም። ማዶ የሚያዘግመው ጎርፉን ፈርቶ አይደለም። እኚህ ሰው ሳይጠበቁ ስለመጡ ነው። ቀጠሯቸው ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ አይተው «ኋላ መሻገሪያ ይጠፋል» ብለው ቀድመው ተነሡ። የመጡበትን ጉዳይ ደግሞ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቀዋል። ወንዙ ዳርቻውን እየበላ እየበላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ ጳጳሱ ቁርጡን ተናግረዋል፤ «ቤተ ክርስቲያናችሁን ኮረብታው ላይ እንሠራዋለን ካላችሁ፣ እንደራሴዬ ሲመጣ መሠረቱ ተጥሎ ይጠብቀው። ያ ካልሆነ ቁምስናችሁ ይዘጋል፤ መሠዊያውም ወደ ማዶ ተሻግሮ ከዚያኛው ከተማ ምእመናን ጋር ትቀላቀላላችሁ።»

ኮረብታው ላይ አንድም ድንጋይ አልተጣለም። ይህንን ማዶ ያውቃል፤ እንደራሴው ገና አያውቁም።

ከወንዙ መካከል ሲደርስ መቅዘፊያውን ሰበሰበና ከእግሩ ሥር የነበረውን ድንጋይ አቅፎ አንሥቶ ውሃ ውስጥ ለቀቀው። ገመዱ እያፏጨ ወርዶ ተወጠረ፤ ጀልባዋ ተንገጫግጫ ቆመች።

«ምን ሆንክ?» አሉ እንደራሴው።

«ክንዴ ዝሏል፣ አባታችን። ትንሽ ልተንፍስ።»

«እዚህ ላይ? ከዚህ ሁሉ ቦታ?»

«ክንድ ቦታ አይመርጥም» አለ፤ ዓይኑ ግን ከከተማው ዳርቻ አልተነቀለም። ሚስቱ ከዳቦ ቤቱ ደጅ ላይ ሆና ጥቁሩን ባርኔጣ እንድታይ ነው የፈለገው። አየችም። ነጭ ሽርጧን ሰብስባ ወደ ላይ ስትሮጥ አየና ልቡ መለስ አለ።

እንደራሴው የተወጠረውን ገመድ ሲመለከቱ ቆዩ። «መልሕቅህ ጥርብ ድንጋይ ነው ልበል? ማዕዘኑን አይቼዋለሁ።»

«ጥርብ ነው። አባቴ የተወልኝ።»

ከዚያ በላይ አላብራራም። አባቱ ያን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በድንጋይ በዚህች ጀልባ እንዳሻገረው፣ የድንጋይ ካባው ከማዶ ስለሆነ ሌላ መንገድ እንዳልነበረ፣ በመጨረሻው ጭነት አንድ ድንጋይ ተርፎ የጀልባዋ መልሕቅ ሆኖ እንደቀረ ቢነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል? አባቱ ድንጋዩን ካሻገረ በኋላ በጀርባው ተሸክሞ ከዳርቻው እስከ ግንቡ ያደርሰው ነበር። ሲሞት እንኳ ወገቡ አልቃናም፤ የሬሳ ሳጥን ሠሪው ተቸግሮ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ እንደራሴው ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው። «ቁምስናው ወደ ማዶ ቢዞር አንተ የምትጎዳ አይመስለኝም። እሑድ በመጣ ቁጥር ከተማው በሙሉ በጀልባህ ነው የሚሻገረው። ሥራ አትፈታም።»

ማዶ ይህንን ራሱም አስቦት ያውቃል። አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶት ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ሐሳቡ ጥሩ ጥሩውን እያሳየ ሊወስደው ሲል፣ የአባቱ ጎባጣ ጀርባ ትዝ ብሎት ተመለሰ።

«እውነትዎን ነው» አለ፤ ድንጋዩንም መጎተት ጀመረ።

ደወሉ ሲሰማ ገና ዳርቻ አልደረሱም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲፈርስ ደወሉን ኮረብታው ላይ ካለው ዛፍ ሰቅለውት ስለነበር ድምፁ የሚመጣው ከሰማይ በኩል ነው።

ዳርቻው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ግማሹ በውሃ ተውጦ፣ የግድግዳው ዙሪያ መሠረት ብቻ እንደ አሮጌ ሰው ድድ ቀርቷል። እንደራሴው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ቆሙ። ማዶ ስለ እሳቸው ያለው ግምት በዚህች ሰዓት ትንሽ ከፍ አለ።

«አፍርሳችሁታል» አሉ።

«ወንዙ ሳይቀድመን።»

«ድንጋዩስ?»

«ላይ ያሉት ይነግሩዎታል» አለና ሻንጣቸውን ተሸከመ።

ዳገቱን ሲወጡ ማዶ እያንዳንዱን በር በጎን ዓይኑ ያይ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ያለው ከእነዚህ በሮች ጀርባ ነው። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አባቶቻቸው ቤተ ክርስቲያኑን ሲሠሩ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ትልቅ ጥርብ ድንጋይ ወስዶ የራሱን ምልክት ቀረጸበት፤ ጋጋሪው የስንዴ ዘለላ፣ ቀጥቃጩ መዶሻ፣ ልብስ ሰፊው መቀስ። ግድግዳው ሲፈርስ ታዲያ ማን ዝም ብሎ ያያል? ሁሉም «ለጊዜው ላስቀምጠው፣ ዝናብ እንዳይበላው» እያለ የራሱን ድንጋይ ወደ ቤቱ አስገባ። ቀጥቃጩማ በአልጋው አስተኝቶት እሱ ከመሬት ነው የሚያድረው ብላ ሚስቱ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች።

እስከዚህ ድረስ ክፋት የለበትም ነበር። መከራው የመጣው ግንበኛው ኮረብታው ላይ የመሠረቱን ቦይ ቆፍሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። የድሮው መሠረት ውሃና ደለል ይዞት አልነቀል አለ፤ ከካባው አዲስ ድንጋይ እንዳይመጣ ጎርፉ የተጫነች ጀልባ አያሻግርም። ስለዚህ መሠረት የሚሆነው ያው ምልክት ያለበት የግድግዳ ድንጋይ ነው፤ መሠረት ደግሞ አፈር ይለብሳል። አባቱ የቀረጸውን ምልክት መሬት ውስጥ ማን ቀድሞ ይቅበር? ሁሉም ለግድግዳው ሊሰጥ ዝግጁ ነው፤ ለመሠረቱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

የማዶ ሚስት ራሷ ከእምቢተኞቹ የመጀመሪያዋ ነበረች። የአባቷ የስንዴ ዘለላ ከበሩ ራስ ላይ የነበረ፣ ገቢ ወጪው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ነው። ትናንት ማታ ማዶ ነገሩን ሲያነሣባት «አባቴን አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ ሁለቴ አልቀብረውም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሱም ተወው። በድንጋይ ጉዳይ እሱ ምን አፍ አለው? አባቱ የሌላውን ሁሉ ድንጋይ ሲያሻግር የራሱን ምልክት የሚቀርጽበት አልተሰጠውም፤ «የእኛ ሰው አይደለም» ተብሎ ነበር። ማዶ ልጅ ሆኖ ቅዳሴ ላይ የግድግዳውን ምልክቶች አንድ በአንድ እያየ የአባቱን ይፈልግ ነበር። አልነበረም። ያ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቱን ይበላዋል።

ደወሉ የጠራው ሕዝብ ኮረብታው ላይ ተሰብስቧል። በቦዩ ራስ ላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ከሥሩ አንድ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ቆሞ፣ በጠረጴዛው ላይ የመሠዊያው ጠፍጣፋ ድንጋይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። የቅዱስ ቁርባኑ መብራት ነፋስ እንዳያጠፋው ፋኖስ ውስጥ ገብቶ ይበራል። አጠገቡ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ቆሞሱ ቆመዋል፤ በዚያ ቁምስና ያረጁ፣ ከዘራቸው ከእሳቸው ይልቅ ቀጥ ያለ ሽማግሌ።

እንደራሴው የሽማግሌውን እጅ ስመው ሰላምታ ሰጧቸውና ወደ ቦዩ ሄዱ። ዙሪያውን ዞሩት። ግንበኛው በነጭ ክር ማዕዘኑን ወጥሯል፤ ኖራው በርሜል ውስጥ ተቦክቷል፤ መዶሻና መሮው ተሰልፏል። የጎደለው ድንጋይ ብቻ ነው። ይህን ግንበኛ በግድግዳ ማቅኛ ገመዱ ስም ቱንቢ ይሉታል፤ ከግድግዳ ሌላ የሰውም ጠማማነት ስለሚያናድደው።

«ድንጋዩ የታለ?» አሉ እንደራሴው።

ልብስ ሰፊው ጫማውን አየ። ቀጥቃጩ ሰማይ አየ።

«በየቤቱ ነው!» አለ ቱንቢ። «በየአልጋው ሥር! እኔ ምን ላድርግ? በክር ብቻ ቤት አይሠራ!»

«አባ?» አሉ እንደራሴው ወደ ቆሞሱ ዞረው።

«ቤት ለቤት ዞሬ ለመንኩ» አሉ ሽማግሌው። «ሁሉም እሰጣለሁ ይላል። የሚሰጠው ግን ከጎረቤቱ በኋላ ነው።»

እንደራሴው የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩና መልሰው ከተቱት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው ሰውን ያስፈራው። «እኔ የማላየውን አልፈርድም። ለጳጳሱ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያየሁትም ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ደግሞ ለቀብር እንጂ ለቅዳሴ አይሆንም። ከልቤ አዝናለሁ።» ወደ ማዶ ዞሩ። «የመሠዊያውን ድንጋይ ከሁለት ሰው ጋር ሆነህ ወደ ጀልባው አውርድ። ውሃው ሳይብስ እንመለስ።»

ሽማግሌው ቆሞስ እጃቸውን በነጩ ጨርቅ ላይ አሳረፉ። አንዲት ሴት አለቀሰች።

ማዶ የእንደራሴውን ሻንጣ ከትከሻው አውርዶ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አላወርድም» አለ።

«ምን?»

«አላወርድም፣ አባታችን። ሰው አሻግራለሁ፤ በግ አሻግራለሁ፤ እርስዎንም አሁኑኑ ይበሉና አደርስዎታለሁ። የዚህ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ግን በእኛ ጀልባ ከወዲያ ወደዚህ ይመጣል እንጂ ከዚህ ወደዚያ አይመለስም። አባቴ የጎበጠው ለዚህ አይደለም።»

«ሥራህ ማሻገር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ይህን ግን አላሻግርም።» ንዴቱን ይዞ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «እናንተስ! ያ ሁሉ ድንጋይ ከማዶ ሲመጣ መዶሻ አልነበረበት፣ መቀስ አልነበረበት። አባቴ ጀርባ ላይ ሁሉም እኩል ነበር የሚከብደው። ዛሬ የማን ከላይ፣ የማን ከታች እየተባባላችሁ ቤቱን ውሃ ወሰደው!»

ልብስ ሰፊው አፉ ፈጣን ነው፤ ከመርፌው ይቀድማል። «አንተ ምን ቸገረህ? ድንጋይ የሌለው ሰው በድንጋይ ነገር ምን አገባው?» አለ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ልብስ ሰፊው ራሱ ያለውን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ማዶ ግን አንገቱን ደፋ፤ እውነት ነው።

ከሰዉ መካከል ሚስቱ ወጣች። ባሏን አየችው፤ ልብስ ሰፊውንም አየችው፤ ሽርጧን አጥብቃ አሰረችና ቁልቁል ወረደች። ሁሉም ተቆጥታ ወደ ቤቷ የሄደች መሰለው። ለባሏም እንደዚያው ነው የመሰለው።

እንደራሴው ሌሎች ሸካሚዎች እንዲፈለጉ ሲያዝዙ የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ተሰማ። የማዶ ሚስት ዳቦ የሚታደልበትን ጋሪ እየገፋች ዳገቱን ትወጣ ነበር። ፊቷ በላብ ርሷል። ጋሪው ላይ በዱቄት ጆንያ የተጠቀለለ ነገር አለ። ማዶ ሊያግዛት ሮጠ፤ «ተወኝ፣ እኔው አደርሰዋለሁ» አለችው። ቦዩ አፍ ላይ አቁማ ጆንያውን ገፈፈችው። የስንዴው ዘለላ ዱቄት ለብሶ አሁን የታጨደ መስሏል።

«ጋሼ ቱንቢ፣ የቱ ጋ ይግባ?»

ግንበኛው በጣቱ አመለከታት። «እዚህ... በምሥራቁ ማዕዘን። ግን እህቴ፣ አፈር ይለብሳል። ከእንግዲህ አይታይም።»

«አውቃለሁ።» ልብስ ሰፊውን ሳታይ ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረች። «አባቴን ሁለቴ አልቀብረውም ብዬ ነበር። ይኸው ልቀብረው ነው። እሱ ከታች ይሁን፤ ቤቱ ከላዩ ይቁምበት። ዳቦስ ቢሆን ስንዴው መሬት ውስጥ ሳይገባ መቼ በልታችሁ ታውቃላችሁ?»

ድንጋዩን ባልና ሚስት ይዘው ወደ ቦዩ አወረዱት። ቱንቢ ማቅኛ ገመዱን ጣል አድርጎ ለካ፤ በመዶሻው እጀታ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩት ሁሉ ለልጆቻቸው የሚያወሩት ነው። መጀመሪያ የሮጠው ልብስ ሰፊው ነበር፤ ከኀፍረት የሚሮጥ ሰው ደግሞ ፈጣን ነው። ቀጥሎ ቀጥቃጩ ድንጋዩን ከእነብርድ ልብሱ አቅፎ መጣ፤ ሚስቱ ከኋላው «ብርድ ልብሱን መልስ! ብርድ ልብሱን አንተ ሰውዬ!» እያለች። አዋላጇ ያዋለደቻቸውን ጎረምሶች ሰብስባ በቃሬዛ አስመጣች። ከዚያ ከበሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣ ጀመር። ከአልጋ ሥር፣ ከጓዳ፣ ከበረት፣ ከሱቅ መደርደሪያ ሥር፣ በገመድ፣ በጋሪ፣ በትከሻ ዳገቱን ወጣ። ከፊትና ከኋላ የሚል ሰው ጠፋ፤ ይልቁንም «የእኔን አስቀድም» እያሉ ተጋፉ። ቱንቢ የሚቆጣው አጥቶ ስለ ሰልፉ ተቆጣ።

እንደራሴው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያያሉ። ሰዓታቸውን አላወጡም። አንድ ጊዜ ብቻ ሽማግሌው ቆሞስ ኖራ ሊያቀብሉ ሲንገዳገዱ ተነሥተው ባልዲውን ተቀበሏቸው፤ ጥቁር ልብሳቸው በኖራ ተዥጎረጎረ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቱንቢ ከቦዩ ቀና ብሎ ፊቱን ጠረገ። «አንድ ጎደለ» አለ።

«ምን?»

«በወንዙ በኩል ያለው ማዕዘን። በየቤቱ ያለው አልቋል። ስናፈርስ አንዱ ከእጃችን አምልጦ ወንዝ ገብቶ የለም? የእሱ ቦታ ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እንደራሴው ወደ ቦዩ መጥተው ክፍቱን ማዕዘን ተመለከቱ። ቀስ ብለው «መሠረት ያለ ማዕዘን...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱ ተዉት። መጨረስ እንዳልፈለጉ ያስታውቅ ነበር።

ማዶ ቁልቁል እየወረደ ነበር። ጀልባዋን ከቀጥቃጩ ጋር ሆኖ ከውሃው ጎትቶ ሜዳው ላይ አወጣት፤ ከዚያ የመልሕቁን ገመድ ፈታ። ቀጥቃጩ ሊያግዘው እጁን ሲሰድ «ጀርባዬ ላይ ብቻ አሳርፍልኝ» አለው። ዳገቱን ብቻውን ወጣው። በሕይወቱ ብዙ ነገር ተሸክሟል፤ ይህን ድንጋይም ቀን በቀን ሲጥል ሲያነሣው ኖሯል። በጀርባው ግን ተሸክሞት አያውቅም። ወገቡ ሲጎብጥ፣ ዓይኑ ከእግሩ ፊት ካለችው አፈር ሌላ ሳያይ ሲቀር፣ አባቱ ያንን ከተማ ዕድሜውን ሙሉ በምን መልክ እንዳየው ገባው። እንባው መጣ። እጁ ስላልተፈታ አልጠረገውም።

ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ልብስ ሰፊው ቦዩ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ከሥር ተቀበለው።

«ይህማ መልሕቅህ ነው» አሉ እንደራሴው። «በዚህ ጎርፍ ያለ መልሕቅ ትሻገራለህ?»

«አልሻገርም።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ውሃው እስኪጎድል እንግዳችን ነዎት፣ አባታችን። ነገ ቅዳሴ አለ፤ አባም አንድ አጋዥ አያጡም።»

እንደራሴው መጀመሪያ ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ከዚያ በኖራ የተለወሰ ልብሳቸውን አይተው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ለጳጳሱ ያየሁትን እናገራለሁ ብያለሁ» አሉ። «ያየሁት መሠረት ነው።»

ቆሞሱ አልሰሟቸውም ነበር፤ አዋላጇ ጆሯቸው ላይ ደግማ ስትጮኽላቸው ግን ከዘራቸውን ጥለው አማተቡ። ሰዉ እልል አለ።

ቱንቢ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ድንጋዩን አስተካክሎ አስቀመጠና መሮውን አነሣ። «ምልክትህን ንገረኝ ማዶ፣ ሳልደፍነው ልቅረጽልህ። ጀልባ ይሁን? መቅዘፊያ?»

ማዶ ተንበረከከና የግንበኛውን ጣት ይዞ በድንጋዩ ወገብ ላይ አሳረፈው። የአባትና የልጅ ገመድ ዓመት ሙሉ፣ ዕድሜ ሙሉ ሲስበው የኖረበት፣ ጣት የሚያስገባ ለስላሳ ስርጉድ ዙሪያውን ነበረ።

«ተቀርጿል» አለ።

ቱንቢ ጣቱን በስርጉዱ ላይ አስኬደው፤ ዳር እስከ ዳር። መሮውን መልሶ ከወገቡ ሻጠ። «ፊቱን ወዴት ላዙረው?»

«ወደ ወንዙ።»

ግንበኛው ድንጋዩን ወደ ወንዙ አዞረው፤ ማቅኛ ገመዱን ጣል አድርጎ ለካ፤ ኖራውንም ደፋበት።